ታልማ ልትቀር ነው አሉ

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ሳይቆጣ ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ አልተፈጠረም። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሂዱ፣ ራዲዮ ሠሪ ዘንድ ሂዱ፣ የውሃ ቧንቧ ሠሪ ቤታችሁ ድረስ ጥሩ፤ መጀመሪያ ዕቃውን አይከፍትም። ገልበጥ አድርጎ ይዳስሰዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ የገዛ ልጁን ደብድባችሁ ያመጣችሁለት ይመስል ቀና ብሎ «ከኔ በፊት ማን ነካው?» ይላል። ማንም አልነካውም ብትሉ አያምናችሁም። እኔ ነኝ የነካሁት ካላችሁማ ያን ጊዜ ጉዳችሁ ፈላ።

በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ስልክ ሠሪ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነው። ስሙ ምናልባት መታወቂያው ላይ ተጽፎ ይሆናል እንጂ የሚጠራበት የለም፤ ለሁላችንም ክቡር ዶክተር ነው። ማዕረጉን የሰጠው ከፊት ለፊቱ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ጎረቤታችን ነው፤ እሱን ደግሞ ኮፒው እንለዋለን። ኮፒው ማዕረጉን የሰጠው በፌዝ ነበር። ዶክተር ግን በቁም ነገር ተቀበለና በማግስቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ መጣ። ማን በማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልተለየም።

እኔ የምውለው በልጄ የክርና የአዝራር ሱቅ ውስጥ፣ ከዶክተር በአንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተለይቼ ነው። ኮምፔርሳቶ ድምፅ አይከለክልም። ታችኛው ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ስለሆነ ዓይንም አይከለክልም። አሮጊቷ ሆን ብላ ታያለች እንዳትሉኝ፣ ወንበሬን እዚያ ያስቀመጠችው ልጄ ናት።

የዶክተር ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ኮሪደር ላይ ነው የሚቆመው። ባንኮው ላይ አረንጓዴ የጎማ ምንጣፍ አለ፤ ምንጣፉ ላይ ማግኔት፣ ማግኔቱ ላይ ብሎኖች በተርታ። ከጀርባው እስከ ጣሪያ ድረስ የጫማ ካርቶን ተደርድሯል። ካርቶኖቹ ውስጥ ያሉት የሞቱ ስልኮች ናቸው፤ ሞቱ የሚለውን ቃል ግን እሱ ፊት መናገር ክልክል ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ፎቶ ሁሉ የያዘ ስልኳን ባልዲ ውስጥ ጥላው እያለቀሰች መጣች።

«ሞተች ወይ ዶክተር?»

«አልሞተችም! ራሷን ስታ ነው። ማን ነካት ግን?»

«ባሌ ትንሽ በፀጉር ማድረቂያ...»

«ይኸው! ገና ከአሁኑ!» አለና ባልየውን ኮሪደር ላይ አቁሞ ስለ ትዳርና ስለ ፀጉር ማድረቂያ ሩብ ሰዓት ገሠጸው። ስልኳ ነቃች። ባልየው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሚስቱን ይሁን ስልኳን እንጃ።

ሌላ ጊዜ አንድ ጠበቃ «ተወው፣ አዲስ እገዛለሁ፤ መልስልኝ» ቢለው፣ ታማሚ ከአልጋ ላይ ነጥቄ አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። ጠበቃው አንቀጽ ጠቀሰ፣ ዶክተር ብሎን ጠቀሰ። በሦስተኛው ቀን ጠበቃው የዳነ ስልኩን ወሰደ፤ በአራተኛው ቀን የሚስቱን ይዞ መጣ።

ክቡር ዶክተር ታዲያ የሚያክመው አንድ ዘር ብቻ ነው፤ ታልማን። ታልማ ወፈር ያለች፣ ጀርባዋ በሰባት ብሎን የሚዘጋ ስልክ ናት፤ በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር ከሁለት ሰው አንዱ የሚይዘው እሷን ነበር። ሌሎቹ ስልኮች በሙጫ የታሸጉ ናቸው። ሠሪዎቹ ሙጫውን አሙቀው፣ በማጉያ መነፅር እያዩ ነው የሚከፍቷቸው። ታልማ ግን ሰባት ብሎን ናት፣ አለቀ። ስድስት ዓይነት ወጥቶላታል፤ የስድስቱም ሆድ ዕቃ አንድ ነው፣ እንደ እህትማማች።

ዶክተር ታልማ ሲፈታ ወደ ታልማ አያይም። ጣሪያ ያያል፣ ኮሪደር ያያል፣ ከኮፒው ጋር ይሰዳደባል። ጣቶቹ እዚያ ታች የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። «እዩልኝ ይህን ጉረኛ፣ ዝቅ ብሎ ለማየት እንኳ ይጠየፋል!» ይላል ኮፒው። እኛም ኩራት ይመስለን ነበር።

ታልማ ያልሆነ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ወዮለት። ዶክተር ስልኩን በሁለት ጣቱ ያነሣና «ይሄ ስልክ አይደለም፤ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ነው። ወስደህ ግድግዳህ ላይ ለጥፈው» ብሎ ይመልሳል። ደንበኛን በዚህ አኳኋን እያባረረ ዓመታት የቆየ ነጋዴ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ወሬው የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው።

ኮፒው ስልኩ ላይ ዓይኑን እንደተከለ ኮሪደሩን አቋርጦ መጣ። «ዶክተር! ሰማህ? ታልማ ልትቀር ነው አሉ!»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!»

«ሰው ስም የለውም?»

«ሁለት ሺህ ሰው ነው ያጋራው፤ የሁሉንም ስም ልጥራልህ? ፋብሪካው ታልማ መሥራት ሊያቆም ነው። ከእንግዲህ ሸክላ ብቻ ነው፣ ወንድሜ!»

«ወሬ ነው» አለ ዶክተር፤ ድምፁ ምንም አላለም። እኔ ግን በስንጥቁ እጁን አየሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳትቆም ያየኋት እጅ ቀጥ ብላ ቆመች። ከጣቶቹ መሐል አንዲት ብሎን አመለጠችና ወለሉ ላይ ቅጭል አለች።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሻይ ይዤለት ስገባ ባንኮው ሥር ተንበርክኮ ወለሉን በመዳፉ ያብሳል። ብሎኗ ከጫማው አፍንጫ አንድ ጣት ርቃ፣ ነጩ ወለል ላይ ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እሱ ግራውን ይዳብሳል፣ ቀኙን ይዳብሳል።

«መነፅሬን ቤት ረስቼው እኮ ነው፣ እማማ» አለኝ ቀና ሳይል። ሰውን ሁሉ አንተ አንቺ የሚለው ዶክተር ለእኔ ብቻ ነው አንደበቱን የሚያርመው።

ብሎኗን በእግሬ ጫፍ ገፋ አደረግኋትና ወደ መዳፉ አስጠጋኋት። ሲያገኛት «የት ትሄጃለሽ!» ብሎ ተነሣ። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ዶክተር መነፅር ኖሮት አያውቅም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት መነፅር ሳይኖረኝ ሠላሳ ዓመት መነፅሬን ስረሳ ኖሬያለሁ። ባንክ ስሄድ ረሳሁት፤ ሐኪም ቤት ስሄድ ረሳሁት፤ የልጄ ትምህርት ቤት ስጠራ ረሳሁት። «ብርሃኑ አንጸባረቀብኝ» የእኔ ነበረች። «እስቲ አንተ አንብበው፣ ድምፅህ ያምራል» የእኔ ነበረች። ዶክተር እነዚህን ሁሉ ሲጠቀምባቸው ከርሞ እኔ ልብ ሳልል መቅረቴ አናደደኝ፤ የገዛ ልብሴን ለብሶ ፊቴ ሲመላለስ ሳላውቀው የቀረሁ ያህል።

ለካ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ደንበኛዋን «አንቺው አንብቢው፣ ምን ይላል?» የሚለው ለማዋረድ አልነበረም። ለካ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው ታች ማየቱም አለማየቱም ለውጥ ስለሌለው ነው። ለካ በሙጫ የታሸገውን ሁሉ እየሰደበ የሚያባርረው ከፍቶ ሊያየው ስለማይችል ነው። ታልማን ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ ለጣቶቹ አስተምሯቸዋል። ጣቶቹ የሚያውቁት እሷን ብቻ ነው። ታልማ ከቀረች ዶክተርም አብሯት መቅረቱ ነው።

ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ወሬ እንደሆነ አንዴ ከተነሣ የሚያስተኛው የለም። ማክሰኞ ፋብሪካው ተቃጠለ ተባለ። ረቡዕ አልተቃጠለም፣ ባለቤቱ ነው የሞተው ተባለ። ሐሙስ ባለቤቱ ከሞተበት ተነሥቶ ፋብሪካውን ለተቀናቃኙ ሸጠ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዋናው መጣ፦ ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በሰው እጅ ያሉት ታልማዎች ሁሉ አንድ ላይ ይጠፋሉ!

ይህችን የመጨረሻዋን ማን እንደወለዳት አውቃለሁ፤ የገዛ ልጄ ናት። ባንኮዋ ላይ ተደግፋ ለደንበኞቿ እንዲህ ብላ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። «የስፌት መኪናውን ከመብራቱ ስትነቅሉት መርፌው ይቆም የለ? ፋብሪካው ሲነቀልም ስልኩ ይቆማል። ቀላል ነገር ነው እኮ!» አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ ምን ብዬ ልከራከራት? እስከ ማታ ድረስ ወሬው ሰባት ፎቅ ወጥቶ ከነሰዓቱ ተመልሶ ወደ እሷው መጣ። ስትሰማው ደረቷን መታች፤ «አላልኳችሁም!»

በዚያው ሐሙስ የመለዋወጫ አምጪው ባዶ ቦርሳ ይዞ ብቅ አለ።

«የታልማ ስክሪኔስ?» አለው ዶክተር።

«ምን አደርግልሃለሁ፣ ዶክተር? ሊቀር ነው የሚባል ዕቃ ተሸክሜ የት ልግባ?»

«ማን ነው ሊቀር ነው ያለህ?»

«ሁሉም!»

«ሁሉም ማለት ማንም ማለት ነው!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ የማግኔቱን ብሎኖች በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲነካ አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት። እንደገና አንድ።

ዓርብ ጠዋት ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። ታልማ ያለው ሁሉ መጥቷል። አንዱ ፎቶዬን አውጣልኝ ይላል፤ አንዷ ስልክ ቁጥሮቼን ገልብጥልኝ ትላለች፤ አብዛኛው ግን ለጥገና ሰጥቶት የነበረውን ሳይሠራ መልስልኝ ባይ ነው። የሚሞት ስልክ ለምን ይጠገናል?

ታማሚ ስልክ በየፖስታው ታሽጎ፣ የባለቤቱ ስም ላዩ ላይ ተጽፎ ነው የሚቀመጠው። ስሙን የሚጽፈው ደንበኛው ራሱ ነው። ዶክተር እስከዚያ ቀን ፖስታዎቹን የሚለየው በተቀመጡበት ቦታ ነበር፤ ይህ ከሦስተኛው ካርቶን ሁለተኛ፣ ያ ከመስኮቱ በኩል አራተኛ እያለ በልቡ ይዞ። አሁን ግን ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ እየጮኸ፣ ግማሹ እጁን ሰድዶ እየነካካ፣ የልቡ መዝገብ ተደበላለቀ።

«የኔን ስጠኝ እንጂ፣ ሥራ ረፍዶብኛል!» አለ ከፊት የቆመ የአውቶቡስ ሹፌር።

ዶክተር አንድ ፖስታ አንሥቶ ሰጠው። ሹፌሩ ከፈተና «ይሄ የኔ አይደለም!» አለ። ሌላ ሰጠው። «ይሄም አይደለም! ስሙ ተጽፎ የለ እንዴ? የሴት ስም ነው እኮ!»

«ምን ሆኗል ሰውየው?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ያያል ወይስ አያይም?» አለ ሌላው፤ ሳቅ ተሰማ። የዶክተር አንገት በጋዋኑ ኮሌታ ውስጥ ቀላ። ኮፒው ማሽኑን አቁሞ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ወንበሬን አነሣሁ። ልጄ «እማዬ፣ ወዴት?» አለችኝ። በሰው መሐል ወንበሬን እየገፋሁ ገባሁና ከዶክተር አጠገብ ባንኮው ውስጥ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

«ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?» አለኝ በጥርሱ መሐል።

«እግሬን አሞኛል። ዝም ብዬ ከምቀመጥ እነዚህን ላንብብልህ» አልኩና የመጀመሪያውን ፖስታ አነሣሁ።

እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ የማነበው ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ እንግዳ ጨብጬ እያሳለፍኩ ነው። ሠላሳ ሰው ቆሞ የአንዱን ስም ከአፌ ሲጠብቅ አስቡት።

«እማማ፣ ትንሽ ይፍጠኑ እንጂ!» አለ ሹፌሩ።

«ስድሳ ዓመት ጠብቄ የተማርኩትን በአንድ ደቂቃ ልጨርስልህ? አውቶቡስህን የማላውቀው መሰለህ? እኔ አንተን ፌርማታ ላይ ስንት ሰዓት ጠብቄሃለሁ!»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩም ሳቀና ዝም ብሎ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ እኔ ስም እጠራለሁ፣ ዶክተር ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይመልሳል። የስክሪኑን ጽሑፍ ሳይቀር ድምፄን ዝቅ አድርጌ እነግረው ነበር። ምሳ አልበላንም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ካርቶኖቹ ባዶ ነበሩ። ማንም ስልኩን መልሶ አልተወም።

ዶክተር ጋዋኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«መቼ አወቁ?»

«ሰኞ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለሻዩ።»

ጋዋኑን ዘርግቶ እንደገና አጣጠፈው። «የቀኙ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። የግራው ጠርዝ ጠርዙን ያሳየኛል፤ መሐሉ ጭስ ነው» አለኝ።

«ሐኪም ቤት አልሄድክም?»

«ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሰው የሰጠኝን ጠብታ አድርጌበት ነበር። ሐኪሙ ገለጥ አድርጎ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከኛ በፊት ማን ነካው?›»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። «አይመለስም ብለውኛል። ሚስቴ ይህን አታውቅም። ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እማማ፣ እኔ ታልማ እስካለች ድረስ ሰው ነኝ። ሌላውን በምን ዓይኔ ልማረው?»

ባዶዎቹን ካርቶኖች አንሥቼ መደርደር ጀመርኩ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ዶክተር በር ላይ ተሰበሰበ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ሰው ብቻውን መደንገጥ አይወድም። ኮፒው ታልማውን ባንኮው ላይ አጋደማት። ልጄ የራሷን ከጎኗ አኖረች። ስድስት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀር ማሽን የሚሠራበት ቤት አልነበረም። ዶክተር ወንበሩ ላይ ሆኖ እጆቹን እርስ በርስ ቆልፏል።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ምንም የለም። ልጄ ትንፋሿን ልትለቅ ስትል የኮፒው ስልክ ድርግም ብላ ጨለመች።

«ሄደች!» አለ ኮፒው ራሱን ይዞ። አንዷ ጮኸች። ልጄ በኩራትና በድንጋጤ መሐል ሆና አፏን ያዘች። ዶክተር ተወርውሮ ስልኳን አነሣ፣ ጎኗን ዳበሰ፣ ቻርጅ ሰካና ጆሮው ላይ አደረጋት።

«አንተ የማትረባ!» አለ በመጨረሻ። «ቻርጅ ካደረግካት ስንት ቀን ሆነህ?»

«ትሞታለች ሲሉኝ ምን ብዬ ላብላት?» አለ ኮፒው።

ያን ቀን እንደዚያ ተሳቀ። ማክሰኞ ግን ከፋብሪካው ሦስት መስመር መግለጫ ወጣ፤ ኮፒው አትሞ በሩ ላይ ሊለጥፈው አስቦ መልሶ ቀደደው። በሰው እጅ ያሉት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲስ ታልማ ግን ከእንግዲህ አይሠራም ይላል። ወሬው ውሸቱን ሁሉ አራግፎ እውነቱን ብቻ ይዞ ቀረ።

ሰው ወደ ሸክላዎቹ ነጎደ። የዶክተር በር ላይ የሚቆም ጠፋ። አራት ቀን፣ አምስት ቀን፣ የተተኮሰ ጋዋኑን ለብሶ፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ። ኮፒው ሊሰድበው ይመጣና የሚሰድብበት ነገር ያጣል። እኔ በስንጥቁ ላለማየት ወንበሬን አዞርኩ። ባዞረውም ዝምታው ይሰማኛል።

በስድስተኛው ቀን የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት መጣች። ድሮ የታልማ ሰው ነበረች፤ አሁን አዲስ የታሸገ ስልክ ገዝታለች። አዲሱ ከደረጃ ላይ ወድቆ አልበራ ብሏል።

«ሌላ ቦታ መውሰድ ፈራሁ» አለችው። «እዚያ ሁሉ እሺ እሺ ነው የሚሉት። እኔ የማምነው የሚቆጣኝን ሰው ነው።»

ዶክተር ስልኩን ተቀብሎ ዙሪያውን በጣቱ ዞረው። ብሎን የለም። እንደገና ዞረው። ሸክላ የምትለዋ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሳ ስትንቀጠቀጥ አየሁ። አዎ፣ ወንበሬን መልሼ አዙሬው ነበር።

«ተቀበላት!» አልኩት በስንጥቁ።

መምህርቷ ግድግዳው ሲናገር ደንገጥ አለች። ዶክተር ግን አልደነገጠም። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አኖረና «ኮሪደር ላይ ተቀምጠሽ ጠብቂ» አላት።

ገባሁ። ሙጫው መሞቅ አለበት፤ የሚያሞቅ መሣሪያ የለንም። ኮፒው መታወቂያ በላስቲክ የሚያሽግባት ማሽኑ ስትሠራ ጀርባዋ እንደ ምድጃ ይግላል። ጠራሁት። ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ማሽኗን ከነገመዷ ተሸክሞ አመጣና ስልኩን ላይዋ ላይ አስተኛው። አዝራር የምናይበትን የልጄን ማጉያ መስተዋትም አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ስለ ዶክተር ዓይን ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ዶክተር ቀጭን ላስቲክ በጠርዙ አስገብቶ ቀስ እያለ ዞረ። የሰው ንብረት ነው፤ ቢሰነጠቅ የምንከፍለው የለንም፣ የምንለውም የለንም። ጀርባው ቅጭ ብሎ ተላቀቀ።

«አሁን ይንገሩኝ» አለ።

«የምኑን ስም አውቄ ልንገርህ?»

«ስሙን አልፈልግም። መልኩን ይንገሩኝ።»

መስተዋቱን አስጠጋሁ። «ከላይ፣ በስተቀኝ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አለች። ከሥሯ አራት ቀዳዳ እንዳለው አዝራር ያለ ክብ አለ።» ጣቱን አንሥቼ ላዩ ላይ አኖርኩለት። ጣቱ ቆየ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ አወቀው። «ቀጥሎስ?» «ቀጥሎ ጥቁር አራት ማዕዘን። ከጎኑ እንደ ዚፕ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ ገመድ። ዚፑ በአንድ በኩል ወጥቷል።»

«ወጥቷል?»

«ወጥቷል። ባለጌ ልጅ የከፈተው ቦርሳ ይመስላል።»

ጣቱን ወደ ዚፑ መራሁት። ዳሰሰ፣ አቀና፣ በጥፍሩ ጫነ። ጠቅ አለ። ከዚያ የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።

ብርሃኑ መጣ። ፊቱ ላይ አረፈበት፤ ጉንጩን አበራው፣ ጋዋኑን አበራው። እሱ ግን ስልኩን አላየም። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ መምህርቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«በራች?»

«በራች።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ አለችበት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል።»

ከዚያ ስልኩን አጠፋው። ወደ ኮሪደሩ አንገቱን አስግጎ ጮኸ። «መምህር! ነገ ነይ!»

መምህርቷ ብቅ አለች። «ከባድ ነው እንዴ?» ብላ እኔን አየች፤ አሮጊት አትዋሽም ብላ መሆን አለበት። «እውነት ገና ናት፣ እማማ?»

«ገና ናት፣ ልጄ» አልኳት ዓይኔን ሳላሽ። «አንድ ቀን ስጪን።»

«እሺ፣ ግድ የለም። ታልማዬ አለችኝ» አለችና ከቦርሳዋ አውጥታ ለሆነ ሰው እየደወለች ሄደች።

ከኮምፔርሳቶው ማዶ ልጄ «እማዬ፣ ሱቁን ልዘጋ ነው እኮ፤ አትመጪም?» አለች። ዶክተር የገጠመውን ጀርባ መልሶ አንሥቷል። ዚፑን በገዛ እጁ ነቅሎ ጣቱን ባዶ ቦታ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ጣቶቼ ይማሩት» አለኝ።

ወንበሬን ሳብ አድርጌ ቀረብኩት። «ከላይ፣ በስተቀኝ» ብዬ ጀመርኩለት።